አጥሩ ላይ የተሰቀለው ሸሚዝ

ነይ ኑሃሚን፣ ጠርሙሶቹን ወደ ግድግዳው ገፋ አድርጊና እዚህ አጠገቤ ቁጭ በይ። ልጁ እንደሆነ ጠብቶ ተኝቷል፤ ሲነቃ ራሱ ይጠራናል። ስልኩንም ለጊዜው አስቀምጪው። ከጠዋት ጀምሮ እያየሁሽ ነው፤ አንዱ ይሄን ቀቢው ይልሻል፣ ሌላው እሱን ከቀባሽው ቆዳው ይቆጣል ይልሻል፣ አንቺም አንዱን ከፍተሽ አሽትተሽ ትዘጊያለሽ፣ ሌላውን ታነሺያለሽ። ስድስት ቆጠርኩ። ዘይት፣ ሎሽን፣ ሻምፖ፣ የዳይፐር ክሬም፣ ሁለት ዓይነት ሳሙና። የአሥራ ሁለት ቀን ልጅ ይቅርና እኔ አማትሽ በዕድሜዬ ይሄን ሁሉ አልተቀባሁም።

ሳቂ፣ ስትስቂ ደስ ይለኛል። ፍርሃትሽ ግን የሚያስቅ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አንገቱ ሥር የወጣችውን ቀይ ነገር በቀን አሥር ጊዜ ገልጠሽ ታያለሽ። ዶክተሯ የሙቀት ነው ብላ ነግራሽም አላመንሽም። እኔም በልጅነቴ የሕፃን አንገት ላይ እንዲህ ያለ ቀይ ነገር አይቼ ነበር፤ እሱን ልንገርሽ።

ሰባት ዓመቴ ነበር። ያኔ የምንኖረው እዚህ ሴቻ ሳይሆን ታች ሲቀላ፣ ወደ ኩልፎ ወንዝ መውረጃው ላይ ነው። ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት፣ ለብቻው የቆመ ማድቤት፣ ዙሪያውን የእሾህ አጥር። አባባ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የጥጥ እርሻ ይሠራ ነበር። ጠዋት የሠራተኛ መኪና መጥቶ ይወስደዋል፤ እዚያ ጀርባው ላይ ታንክ አዝሎ ጥጡ ላይ መድኃኒት ሲረጭ ይውላል፣ ትሉን ለመግደል። ሁለት የሥራ ሸሚዝ ነበረው፣ ሁለቱም ካኪ። አንዱን ለብሶ ሲሄድ ሌላው አጥሩ ላይ ተሰቅሎ ይውላል።

የዚያ ሸሚዝ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ጣፈጥ ያለ ሽታ ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ጉሮሮ ይይዛል። አባባ ሥራውን የጀመረው እኔ ገና ነፍስ ሳላውቅ ስለሆነ ሌላ ሽታ ኖሮት አላስታውስም። የአባቴ ጠረን ነው ብዬ ነበር የማስበው። እወደውም ነበር። ከሥራ ሲመጣ እግሩ ላይ ተጠምጥሜ ፊቴን ሱሪው ውስጥ እቀብር ነበር።

በዚያ ክረምት ግን ነገሩ ተለወጠ። አባባ ሲመጣ ወደ እሱ ስሮጥ እጁን ዘርግቶ ከሩቅ ያስቆመኝ ጀመር። "ቆይ፣ ልታጠብ" ይለኛል። ታጥቦ ሲመጣም ራሴን አይነካኝም። አንድ ቀን በመስኮት በኩል ሆኖ ለእማዬ ስለ ሥራ ጓደኛው ስለ ተክለሃይማኖት ሲያወራላት ሰማሁ። እጁ ተልጧል አለ። ቀጥሎ "ልጁም…" ሲል እማዬ እኔን አየችና ዝም በል በሚል ዓይን አስቆመችው። እኔ የገባኝ የተክለሃይማኖት ልጅ ወድቆ ጉልበቱ እንደተላጠ ነው። እኛ ሰፈር ልጅ ሲላጥ በጉልበቱ ነው የሚላጠው።

ያ ሕፃን ከአባቱ ጋር በአንድ ጋቢ ይተኛ እንደነበር፣ ከዚያም እንዳልተረፈ ያወቅሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው።

እማዬ በነሐሴ ሴት ልጅ ወለደች። እማዬን ለማረስ የመጣችው የአባባ እህት አክስቴ ማሚቱ ናት፤ ከደጋ፣ ከጨንቻ ወዲያ ካለው መንደር ቅቤዋን በቅል ይዛ ወረደች። አክስቴ አፏን የፈታችው በጋሞኛ ነው፤ አማርኛን የለመደችው ጎልምሳ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ነበር የምትለው። ሕፃኗን እስክትጠመቅ ሚጢ ነበር የምንላት። ለአክስቴ ግን ሚጢም "እሱ" ነበረች።

በተወለደችበት ጠዋት አክስቴ ከበሩ ብቅ ብላ የአባትየውን አሮጌ ልብስ አምጡልኝ አለች። በእነሱ አገር ሕፃን መጀመሪያ የሚጠቀለለው በአባቱ ያረጀ ጋቢ ነው፤ ጨርቁ ለስላሳ ነው፣ ጠረኑም ከቆዳው ጋር ይለመዳል። አባባ ደጅ ቆሞ ነበር። ጋቢውን አላወለቀም። ከሱቅ የመጣ አዲስ አቡጀዲ፣ ነጋዴው በጋዜጣ እንደጠቀለለው፣ የወረቀቱን ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ አቀበላት። ወደ ውስጥም አልገባም። አክስቴ አቡጀዲውን ተቀብላ እየገለበጠች አየችው።

"ይሄ ልጅ አባቱን በምን ያውቀዋል?" አለች። "በሱቅ ሽታ?"

 አባባ ሁለት ጣቱን እንደዚያ እንደዘረጋ ሲቆም አየሁት፤ የቆሸሸ ነገር የነካ ሰው ይመስል ነበር። ያን ጊዜ ነው ልቤ ውስጥ አንድ ነገር የገባው። አባባ ልጅቷን ተጸይፏታል አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ሁሉ ይሄንኑ የሚያረጋግጥ መሰለኝ። አልጋውን ትቶ ማድቤት ይተኛል። ከሥራ ሲመጣ ከደጃፉ ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ይቀመጥና ከዚያው ሆኖ ጠባች ወይ፣ ተኛች ወይ እያለ ይጠይቃል። ሸሚዙን ራሱ ያጥባል፤ በእጁ ሳይነካው በእንጨት እያገላበጠ። ለእኔ ደግሞ አጥሩ ላይ ያለውን ልብስ እንዳልነካ ሁለት ጊዜ ነግሮኛል። እማዬ አልጋ ላይ ሆና አንዳንድ ጊዜ ድምፅዋን ሳታሰማ ታለቅስ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ዓለምጸሐይ ልትጠይቅ መጥታ እየሳቀች አባትየው ወንድ ነበር የሚጠብቀው አይደል አለች። ቀልዷን ነበር፤ እኔ ግን ምክንያቱን አገኘሁ።

እንግዲህ የሰባት ዓመት ልጅ ነኝ። አባቴን እወዳለሁ፣ እህቴንም እወዳለሁ፣ ሁለቱ ግን አይተዋወቁም። የሚያስተዋውቃቸውን ነገር ደግሞ አክስቴ በአፏ ተናግራዋለች።

በየቀኑ ረፋድ ላይ አክስቴ እማዬን ከቤቱ ኋላ ባለው መጋረጃ ውስጥ በቅጠል በፈላ ውሃ ታጥባታለች። ያን ጊዜ ሚጢን የምጠብቀው እኔ ነኝ። በስድስተኛው ቀን የውሃው ድምፅ ሲጀምር ወጣሁና ሸሚዙን ከእሾሁ ላይ ቀስ ብዬ አላቀቅሁት። ፀሐይ ሞቅ አድርጎት ነበር። ሚጢን ከአቡጀዲዋ አውጥቼ በሸሚዙ ጠቀለልኳት፤ እጅጌዎቹን በደረቷ ላይ አጣምሬ፣ ልክ ሰው እንዳቀፋት አድርጌ። ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብዬ "አባባ ነው" አልኳት። ዓይኗን ገለጠች። አወቀችው ብዬ ልቤ በደስታ ዘለለ።

አክስቴ ባልዲውን ስትደፋ ስሰማ ፈትቼ ወደ ቦታው መለስኩት። በማግሥቱም እንደዚያው አደረግሁ። ከዚያ በኋላም።

ቀይ ነገር የወጣባት በዘጠነኛው ቀን ነው። መጀመሪያ አንገቷ ሥር፣ ቀጥሎ ብብቷ፣ ቀጥሎ ጀርባዋ ሙሉ። እማዬ ልክ እንዳንቺ ገልጣ ታያለች፣ ትሸፍናለች፣ ደግማ ትገልጣለች።

መጀመሪያ የተከሰሰው ሳሙናው ነው። እማዬ ለሚጢ ብላ ያስገዛችው ጽጌረዳ ጽጌረዳ የሚሸት የገላ ሳሙና ነበረን፤ ያኔ እንደ ትልቅ ነገር ነው። እሱ ተነሳና መደርደሪያው ላይ ወጣ። ቀዩ ነገር ግን አልጠፋም። እትዬ ዓለምጸሐይ ባሏ አዲስ አበባ ሄዶ ያመጣላትን የሕፃን ፓውደር በቆርቆሮው ይዛ መጣችና ከአገጯ እስከ እግሯ ነሰነሰችላት፤ ሚጢ ዱቄት ውስጥ የወደቀች እንቁራሪት መሰለች። አክስቴ ማሚቱ ይሄን አይታ ቅሏን አነሳች። ይሄ ልጅ የቸገረው ቅቤ ነው አለች፤ እርግብግቢቱ ላይ ብቻ ሳይሆን መላ ገላውን።

"እመት ማሚቱ፣ ይሄ ጨንቻ አይደለም" አለች እትዬ ዓለምጸሐይ። "በዚህ ሙቀት ቅቤ ቀብታችሁ ልትጠብሷት ነው?"

"ያንተም ዱቄት ጥሩ ነው" አለች አክስቴ። "ለቂጣ ይሆናል።"

እማዬ በሁለቱ መሃል ሆና አንዱን ቀን አንዷን፣ አንዱን ቀን ሌላዋን እሺ ትላለች። ቅቤው ተቀባ፣ ታጠበ። ፓውደሩ ተነሰነሰ፣ ተራገፈ። ቫዝሊን መጣ፣ እሱም ቀረ። በየማግሥቱ አንድ ነገር ከደጅ ይወጣ ነበር፤ ቀዩ ነገር ግን ይባስ እየሰፋ ሄደ። አክስቴ ቅቤዬ ተሰደበ ብላ አንድ ቀን ሙሉ አኩርፋ ዋለች።

እኔ ደግሞ ሚጢ በታመመች ቁጥር አባቷ ይበልጥ ያስፈልጋታል ብዬ አሰብኩ። መጀመሪያ ለትንሽ ጊዜ ነበር የምጠቀልላት፤ አሁን ውሃው ከጀመረበት እስኪያልቅ ድረስ ነው። ደህና ሁኚልኝ እያልኩ አቅፌ እወዘውዛታለሁ። ፊቷንም ወደ ኮሌታው አስጠጋለሁ፣ ጠረኑ በደንብ እንዲገባት።



ክሊኒክ ወሰድናት። ድሬሰሩ አቶ ሀብተሚካኤል ይባሉ ነበር፤ ለሰፈሩ ሁሉ ሐኪም እሳቸው ናቸው። ሚጢን አገላብጠው አዩና ምን ምን ቀባችኋት አሉ። እማዬ አንድ በአንድ ስትነግራቸው ሳቃቸውን ዋጡት። ከዚያ ሁሉንም አቁሙ አሉ። ለብ ያለ ውሃ፣ ክርናችሁን ነክራችሁ የማይሰማችሁ ዓይነት፤ ሽታ የሌለው ነጭ ሳሙና፣ እሱም ትንሽ፣ በደንብ አለቅልቃችሁ። የአንገቷንና የብብቷን እጥፋት ሳታሹ በስሱ አድርቁ። ሌላ ምንም አትቀቧት፤ የሕፃን ቆዳ ገና ስስ ነው፣ ያገኘውን ሁሉ ይጠጣል አሉ። እማዬ ቃል በቃል ያዘችው።

ሦስት ቀን እንደዚያ ሆነ። በአራተኛው ሚጢ መጥባት ተወች። ምራቋ በአገጯ እየወረደ፣ እጆቿ እንደ ጨርቅ ተንጠልጥለው፣ ስትጠራ ዓይኗን የምትገልጠው በግድ ሆነ። እንደገና ወሰድናት። አቶ ሀብተሚካኤል አሁን አልሳቁም። ከጠዋት እስከ ማታ እንዴት ትውላለች ብለው ጠየቁ። ጠዋት ደህና ናት አለች እማዬ፣ የሚብሳት ከረፋዱ በኋላ ነው። እሳቸው ብዕራቸውን አስቀመጡ።

"አባትየው ሥራው ምንድን ነው?"

"ጥጥ" አለች አክስቴ።

ነገ ሥራ ሳይገባ እኔ ጋ ይምጣ አሉ። የረፋዱ ነገር ለእኔ ፀሐይ ነው የመሰለኝ። ረፋድ ላይ ፀሐይ ይበረታላ።

በማግሥቱ አባባ በሠራተኛው መኪና አልሄደም። እኔ ይሄን አላወቅሁም። ረፋድ ሆነ፣ ከቤቱ ኋላ ውሃው መውረድ ጀመረ፣ ሸሚዙን አምጥቼ ሚጢን ጠቀለልኳት። የዚያን ቀን አላለቀሰችም፣ ዓይኗንም አልገለጠችም። ጭኔ ላይ አስተኝቼ ኮሌታውን ወደ ጉንጯ ሳስጠጋ የበሩ ብርሃን ጨለመ። ቀና ስል አባባ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ከአቶ ሀብተሚካኤል ዘንድ እየሮጠ ነበር የመጣው፤ ደረቱ ይነሳል ይወድቃል።

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ጉበኑን በሁለት እጁ ያዘ፤ አንድ እግሩ ወደ ውስጥ ሊገባ ተነሳና ተመለሰ።

"ስመኝዬ" አለኝ፣ በጣም በቀስታ። "አውልቂላት። አሁን። ወደ ውጭ ወርውሪው።"

ወረወርኩት። እሱን ደስ የሚለውን ነገር የሠራሁ መስሎኝ ስለነበር ለምን እንደሆነ አልገባኝም። በእሱ ልብስ ስለጠቀለልኳት ተናደደ ብዬ አሰብኩ፤ ይሄን ያህል ይጠላታል አልኩ። አሁን እጅሽን ታጠቢ አለኝ፣ እስከ ክንድሽ። ታጠብኩ። ገንዳ ውስጥ ውሃ አድርጊ፣ ከማሰሮውም ጨምሪበት፣ ክርንሽን ንከሪ አለኝ። ይሞቃል ወይ? አይሞቅም። ይቀዘቅዛል ወይ? አይቀዘቅዝም። እሺ፣ ነጩን ሳሙና እጅሽ ላይ አድርጊ፣ እሷ ላይ አይደለም። አንገቷን በግራ እጅሽ ደግፊ። ከአንገቷ ሥር ጀምሪ። እጥፋቱን ገለጥ አድርጊው። አትሺ፣ ዝም ብለሽ አሳልፊው። ብብቷን። ከጆሮዋ ኋላ። ውሃውን ድፊና ሌላ ቅጂ። እንደገና። ሦስት ጊዜ አሳጠበኝ። በሩ ላይ እንደቆመ እጆቹ በአየር ላይ አብረው ይሠሩ ነበር፤ እኔ አንገቷን ስይዝ እሱም ባዶውን ይይዛል፣ እኔ ውሃ ሳፈስ እሱም ያፈሳል። ፊቱ እርጥብ ነበር። ከሮጠበት የመጣ ላብ መሰለኝ።

አስቢው ኑሃሚን። ልጁ በሞትና በሕይወት መካከል ናት፣ ሁለት እርምጃ ነው የሚለያቸው፣ ያንን ሁለት እርምጃ አልሄደውም።

በእኔ ነጠላ ጠቅልዬ እንደያዝኳት እማዬ ፀጉሯ ውሃ እያንጠባጠበ ከኋላ መጣች። አክስቴ ተከትላታለች። እማዬ መሬት ላይ የወደቀውን ሸሚዝ አየች። ሚጢን አየች። ሸሚዙን ደግማ አየች።

"ማነው ያስገባው?" አለች።

አፌን ከፈትኩ። እኔ ነኝ ልል ነበር፤ ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር።

"እኔ ነኝ" አለ አባባ። "ናፈቀችኝና አቀፍኳት። በሸሚዜ ነበር።"

እማዬ ሲያዩዋት የምታስፈራ ሴት አልነበረችም። ያን ጊዜ ግን ያየችውን አስተያየት አልረሳም። "እያወቅህ" አለችው፣ ያቺን አንዲት ቃል ብቻ፤ ሚጢን ከእጄ ነጥቃ ነጠላዋን እንኳ ሳትለብስ ወደ ክሊኒክ ሮጠች።

እኔ በዚያ መሃል ምን እንደተሰማኝ ልንገርሽ፤ አፍሬ ነው የምነግርሽ። ደስ አለኝ። አባባም አቅፏታል ለካ አልኩ። እኔ ውሃ ልቀዳ ስወጣ ገብቶ አቅፏታል፤ ይወዳታል ለካ። ያመማትም የእሱ ማቀፍ እንጂ የእኔ አይደለም። እውነት ነው ያልኩት፣ ምክንያቱም አባቴ ውሸት ተናግሮ አያውቅም። የሰባት ዓመት ልጅ በገዛ ዓይኗ ካየችው ይልቅ አባቷ ያላትን ታምናለች።

አቶ ሀብተሚካኤል ወደ ሆስፒታል ላኳት። ሰባት ቀን ተኛች። ተረፈች። ያቺ ሚጢ ሳባ ናት፣ የላንቴዋ አክስታችሁ፤ ባለፈው እሑድ ሙዝ ተሸክማ መጥታ አልጋሽ ላይ ተቀምጣ ስታስቅሽ የነበረችው። አንገቷ ላይ ያለው ሻካራ ነገር ከዚያ የቀረ ነው።

አባባ ሸሚዞቹን ከአጥሩ ማዶ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበራቸውና ወደ ጥጡ አልተመለሰም። ኩልፎ ዳር የሙዝ ማሳዎች ውስጥ ቀን ሠራተኛ ሆኖ ገባ፤ መስኖ ይመልሳል፣ ዘለላ ይሸከማል። ገቢው ከግማሽ በታች ሆነ። እማዬ አላናገረችውም። እራቱን እንኳ የምታቀርበው በእኔ በኩል ነው፦ "ለአባትሽ ቀርቧል በይው።" እሱም በእኔ በኩል እግዜር ይስጥልኝ ይላል። ሁለቱም የሚሰሙት አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው መሃላቸው እየተመላለስኩ መልእክት አደርሳለሁ፤ ለእኔ ጨዋታ ነበር። አክስቴ ማሚቱ ወደ ደጋ ስትመለስ ወንድሟን ሳትሰናበት ሄደች።

እሱ በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ ኩልፎ ወርዶ ይታጠብ ነበር። በአሸዋ፣ በሳሙና፣ እንደገና በአሸዋ። መጥቶ ፊቴ ይንበረከክና ሁለት መዳፉን ይዘረጋልኛል።

"አሽትቺኝ፣ ስመኝዬ። አለ?"

አሸተዋለሁ። ያ ሽታ ከጥፍሮቹ ሥር፣ ከአሮጌው ቆዳ ውስጥ ይመጣል። አለ፣ አባባ እላለሁ። እሺ ብሎ ይነሳል፤ ሚጢን ከደጅ አይቶ ወደ ማድቤቱ ይሄዳል። ይሄ ስንት ሳምንት እንደቆየ አላውቅም። የኩልፎ ውሃ ከክረምት ጭቃው ጠርቶ ድንጋዩ እስኪታይ ድረስ ቆየ። ሚጢ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ፣ በዚያ ጠዋት መዳፉን ሲዘረጋልኝ የሙዝ ግንድና የሳሙና ሽታ ብቻ ነበር። የለም አልኩት። ደግመሽ አሽትቺኝ አለ። ደግሜ የለም አልኩት። ሦስተኛ ጊዜም አስሸተተኝና ከዚያ በኋላ ነው ደጃፉን የተሻገረው። እማዬ ልጅቷን አቀበለችው። ሲይዛት ግራ እጁ አንገቷን ደገፈ፤ ከበሩ ሆኖ እኔን እንዳሳየኝ።

እማዬ ከዚያ ወዲህ ታናግረው ጀመር። ዕድሜ ልካቸውን አብረው ኖሩ፣ ሌሎችም ልጆች ወለዱ። ነገር ግን ከሳባ ጋር ብቻውን ትታው ሄዳ አታውቅም። ልጅቷ አሥር ዓመት ሞልቷት እንኳ ከእሱ ጋር ሙዝ ማሳ ልሂድ ስትላት እኔ ካልተከተልኩ አትፈቅድም። አባባ ይሄን ያየው ነበር። አንድም ቀን ቅር ያለው መስሎኝ አያውቅም።

ባልሽ ናትናኤል ሲወለድ እማዬ ከሞተች ዓመት አልፏት ነበር። አባባ ከላንቴ ሳባ ዘንድ ነበር የሚኖረው፤ ሊጠይቀኝ መጣ። እጁን ታጥቦ፣ ሳልጠይቀው መዳፉን እንደ ድሮው ዘረጋልኝ፤ ሳቅን። ናትናኤልን አቅፎ የእግሩን ጣቶች እየቆጠረ ሲጫወት ላሾፍበት ብዬ እንዲህ አልኩት፦ "አባባ፣ ሚጢን እንደ ጠቀለልካት ይሄንንም በሸሚዝህ እንዳትጠቀልልብኝ።"

እሱም ዓይኑን ከልጁ እግር ሳያነሳ፣ ሳያስብበት፣ "እኔ ያንን ሸሚዝ ከአጥሩ አሳልፌ አላውቅም" አለ።

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ምን እንዳለ አወቀ፤ እኔም አወቅሁ። ሃያ ምናምን ዓመት የኖርኩበት ነገር በአንድ ጊዜ ተገለበጠ። ረፋድ ላይ እሱ ጥጡ ውስጥ ነበር፤ ከእኛ ቤት የአንድ ሰዓት መንገድ። በዚያ ቤት ውስጥ ሸሚዙን የያዙ እጆች ሁለት ብቻ ናቸው፣ የእኔ። ሸሚዙን ይዞ ሌላ ሰው ገብቶ አያውቅም።

"አባባ" አልኩት።

"ልጁ በርዶታል፣ አልብሺው" አለኝ። ስለዚያ ነገር ከዚያ በኋላ አንስተን አናውቅም። በሦስተኛው ዓመት ዐረፈ።

እንግዲህ ይሄው ነው። እማዬ እሱ ነው እንዳለች ሞተች። ሳባ ዛሬም በበዓል ስንሰበሰብ "አባባ ከመውደዱ ብዛት ሊገድለኝ ነበር" እያለች ታስቃለች፤ እናንተም ትስቃላችሁ፣ እኔም አብሬያችሁ እስቃለሁ። ለእሷ መንገር ይገባኝ ነበር። በየበዓሉ ዛሬ እላለሁ፤ ወንበሯን ስባ አጠገቤ ስትቀመጥ አቅሜ ያልቃል። መጀመሪያ አንቺ ሰማሽልኝ፤ ቀጥሎ ለእሷ እነግራታለሁ፣ አንቺም አጠገቤ ሆነሽ እጄን ትይዢልኛለሽ።

አሁን እዪው፣ ነቃ። ጠርሙሶቹን ተያቸው፤ ያን ሽታ የሌለውን ነጭ ሳሙና ብቻ አምጪልኝ፣ ውሃውን እኔ ለብ አደርገዋለሁ። ስታጥቢው አንገቱን በግራ እጅሽ ደግፊ። ልጁም አድጎ ስለ ቅድመ አያቱ ሲጠይቅሽ፣ እኔ ያኔ ባልኖር፣ ይሄን አስታውሰሽ ንገሪልኝ፦ ወልደሥላሴ ይባል ነበር፤ ያንን ሸሚዝ ከአጥሩ አሳልፎ አያውቅም።